የፈረስ ኦድ በስልካችሁ ለምታሰሉ ልጆቼ

ልጆቼ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሂሳብ መዝገብ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ «ጋሼ፣ የፈረስ ውድድር ኦድ በኤክሴል ማስላት ይቻላል?» ሲለኝ ደስ አለኝ። ይቻላል። እንዲያውም አንድ ብር ከማስያዛችሁ በፊት ሁላችሁም ብትሠሩት እወዳለሁ። የምለምናችሁ ስሌቱን መሃል ላይ እንዳትተዉት ነው። ኦድ ማለት ፈረሱ ካሸነፈ ያስያዛችሁት ብር ስንት እጥፍ ሆኖ እንደሚመለስላችሁ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 2.50 ከሆነ 1 ብር 2.50 ሆኖ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ዓምድ የፈረሶቹን ስም፣ በሁለተኛው ኦዱን ጻፉ። በሦስተኛው 1ን ለኦዱ አካፍሉ። ስድስት ፈረሶች አሉ እንበል፤ ኦዳቸው 2.50፣ 4.00፣ 5.00፣ 8.00፣ 10.00 እና 12.00 ነው። ሦስተኛው ዓምድ 40፣ 25፣ 20፣ 12.5፣ 10 እና 8.33 በመቶ ይላችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «የመጀመሪያው 40 በመቶ ዕድል አለው» ብሎ ቲኬት ይቆርጣል። ቆዩማ፣ ዓምዱን ደምሩት። 115.83 ይመጣል። የስድስቱ የማሸነፍ ዕድል ተደምሮ ከ100 ማለፍ አልነበረበትም። ትርፍ የሆነው 15.83 ውርርዱን የሚያካሂደው የአጫዋቹ ነው፤ ኦዱን ከሚገባው ዝቅ አድርጎ ስለሚያወጣው።

ካላመናችሁኝ ወረቀት ላይ ሞክሩት። በመጀመሪያው ፈረስ 40 ብር፣ በሁለተኛው 25፣ በሦስተኛው 20፣ እንዲህ እያላችሁ በስድስቱም ላይ አስይዙ። ከኪሳችሁ 115.83 ብር ይወጣል። የፈለገው ፈረስ ቢያሸንፍ የሚመለስላችሁ 100 ብር ነው። ሁሉንም ይዛችሁም ትከስራላችሁ!

አሁን አራተኛ ዓምድ ክፈቱና እያንዳንዱን በድምሩ አካፍሉት። ያ 40 ወደ 34.5 ይወርዳል፤ የአጫዋቹ ድርሻ ሲወጣ ከኦዱ የሚነበበው ዕድል ይህ ነው። የሚከፈላችሁ ግን በ2.50 ነው፤ ስለዚህ በዚያ ፈረስ ላይ ለማትረፍ እናንተ ከ40 በላይ ዕድል እንዳለው በማስረጃ ማወቅ አለባችሁ፣ በስሜት አይደለም። ማስረጃው ደግሞ የፈረሱ ያለፉ ውድድሮች፣ የተሸከመው ክብደት፣ የሜዳው እርጥበት፣ የጋላቢው ችሎታ ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ ቢል ቤንተር የሚባል ሰው ይህን ሁሉ በኮምፒውተር ሞዴል ሠርቶ አትርፏል፤ አሠራሩንም በ1994 እ.ኤ.አ. ጽፎ አውጥቷል። ግን እሱ የብዙ ዓመት መረጃ ነበረው። እዚያ ደግሞ ኦዱ ከተወራራጆቹ ገንዘብ ነው የሚወጣው፤ አዘጋጁ መጀመሪያ ድርሻውን ያነሳል፣ የቀረው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ስለዚህ ኦዱ ውድድሩ እስኪጀመር ይለዋወጣል፤ ቀደም ብላችሁ ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር የሚከፈላችሁ ላይሆን ይችላል።

በየጥቂት ደቂቃው ስክሪን ላይ የሚሮጡት የኮምፒውተር ፈረሶች ጉዳይ ይብሳል። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ፈረስ እናውቃለን። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ነው፤ በፈረሳቸው ስም «አባ ዳኘው» እየተባሉ ኖረዋል። ጥምቀት ላይ ፈረስ ሲጋልብ ያየ የመንዝ ልጅ የእግሩን አጣጣልና ትንፋሹን አይቶ የትኛው እንደሚቀድም ይነግራችኋል። የስክሪኑ ፈረስ ግን ገብስ አይበላ፣ አይደክም፣ ጭቃ አይከብደው። አሸናፊውን የሚያወጣው በዘፈቀደ ቁጥር የሚጥል ፕሮግራም ነው። ያለፈውን መቶ ውጤት ብትመዘግቡ ስለሚቀጥለው ምንም አይነግራችሁም፤ «ቀዩ ሦስቴ ስለተሸነፈ አሁን ተራው ነው» ማለት ከንቱ ነው።

እዚያው ፋይል ላይ ሌላ ገጽ ክፈቱልኝ። ቀን፣ ያስያዛችሁት፣ የተመለሰላችሁ፣ ልዩነቱ። የተበላችሁትንም ጻፉ፤ የበላነውን ማንም አይረሳም፣ የሚረሳው የተበላው ነው። ወር ሲሞላ ደምሩት። የቤት ኪራይ ወይም ከገጠር ለትምህርት የተላከ ብር እዚያ ውስጥ ካገኛችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። ብቻችሁን ማቆም ካቃታችሁ ስልኩን ይዛችሁ ወደምታምኑት ታላቅ ሂዱና ያንን ድምር አሳዩት።