የ12–15 ዓመት ልጆች ስፖርት፦ ጥያቄና መልስ ከአሰልጣኙ ጋር

እናት፦ ኮች፣ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ ጉልበቱን ያመዋል፣ አበጥ ያለም ነገር አለው። ያቁም?

አሰልጣኝ፦ ይሄን ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ብዙ ልጆች በዚህ ይሰቃያሉ። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ጎበጥ ያለበትን ቦታ በጣትዎ ጫን ያድርጉት። ልክ እዚያ ላይ ካመመው ኦስጉድ ሽላተር የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሴቶች ወደ 12፣ ወንዶች ወደ 14 ዓመት ገደማ በአንዴ ይመዘዛሉ። ጅማቱ የተያያዘበት አጥንት ግን ገና አልጠነከረም። ልጁ በሮጠና በዘለለ ቁጥር የጭኑ ጡንቻ ቦታውን ይጎትተዋል። ጨርሶ አያቁም። ሩጫና ዝላይ ይቀንስ። ዋና ካላመመው ይዋኝ። ከልምምድ በኋላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ ያህል ይያዙለት። ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰው ወይም ካተኮሰው ሐኪም ይየው። እያነከሰ ግን አይጫወት!

አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ከቡድኑ እንዳትቀነስ ፈርታ፣ ካልሲዋን እስከ ጉልበቷ ስባ እብጠቱን ትደብቅ ነበር። የነቃሁት ደረጃ ስትወርድ አይቼ ነው። ሁልጊዜ የምታስቀድመው ያንኑ አንድ እግሯን ነበር።

አባት፦ የኔም ልጅ ጉልበቷን ያማታል። ምን ይሻላል?

አሰልጣኝ፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባክዎ ያንብቡት። እያነከሰች ከሆነ አትጫወት።

ተማሪ፦ የትኛው ጫማ ይሻላል? ፕሮቲን ዱቄትስ?

አሰልጣኝ፦ ልክህ የሆነ ጫማ። ዱቄቱ አያስፈልግህም። በደንብ ብላ፣ በደንብ ተኛ።

አባት፦ ብረት የሚያነሳ ልጅ ግን አጭር ሆኖ ይቀራል።

የስፖርት መምህርት፦ ኧረ ይሄ ወሬ ነው! እኔ ፑሽ አፕና ቀላል ክብደት አሠራለሁ፣ ማንም አላጠረም።

አባት፦ የሰፈር ጂም ውስጥ የሚሆነውን ግን አላዩም።

አሰልጣኝ፦ መምህርት ልክ ናቸው፣ አጠገቡ የሚያርመው ሰው እስካለ ድረስ። የአባትም ስጋት ከንቱ አይደለም። ብቻውን ከአቅሙ በላይ የሚያነሳ ልጅ ይጎዳል። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

እናት 2፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ይበቃል?

አሰልጣኝ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይላል። በክለብ ልምምድ በኩል ግን የሳምንቱ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ፤ የ13 ዓመት ልጅ ከ13 ሰዓት በላይ አይሠራም። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

ተማሪ፦ በቴስታ ስንጋጭ ካዞረኝስ?

አሰልጣኝ፦ ወዲያው ትወጣለህ። በዚያ ቀን አትመለስም። ሐኪም ሳያይህም አትጫወትም።

እናት፦ ኮች፣ ጫን አድርጌ አየሁት፣ ልክ እዚያው ላይ ነው። ቅዳሜ ግን ጨዋታ አለበት፣ እያለቀሰ ነው።

አሰልጣኝ፦ አይዞህ በሉት። ነገ ጠዋት ሳያውቅ ደረጃ ሲወርድ ይዩት። ካነከሰ ቅዳሜ ይቀመጣል።