የጭቃው ተርብና የጣሪያው ተርብ አንድ ናቸው?

ወንድሜ፣ ሐይቅ ከተማ ያለው ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ጭቃ የሚለጥፈውና ቆርቆሮው ሥር እንደ ወረቀት ያለ ቤት የሚሠራው ተርብ አንድ ዝርያ ናቸው ወይ ብለሃል። አይደሉም። ቤተሰባቸው ራሱ ይለያያል።

የወረቀቱ ቬስፒዴ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። እንጨት ፍቆ በምራቁ ያላቁጣል። በመንጋ ስለሚኖር ቤቱን ከነካህበት አይምርህም።

የጭቃዋ ደግሞ ስፌሲዴ ናት። ብቻዋን ነው የምትሠራው። አብሽር፣ በእጅህ ካልያዝካት እምብዛም አትናደፍም። አንዱን የደረቀ ክፍል ቀስ ብለህ ብትከፍት የታጨቁ ሸረሪቶች ታያለህ። ነድፋ ያደነዘዘቻቸው ናቸው፤ የልጇ ቀለብ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ዝምድናዋ ነው፤ ከወረቀቱ ተርብ ይልቅ ለማር ንብ ትቀርባለች።

ስሟን በተመለከተ፣ በአፍሪካ ከተለመዱት አንዷ፣ ጥቁር ሆና ቀጭን ቢጫ ወገብ ያላት፣ ስኬሊፍሮን ስፒሪፌክስ ትባላለች። የመጀመሪያው ቃል ጂነሷ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ቡድን)፣ ሁለተኛው ዝርያዋ ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስፌክስ ስፒሪፌክስ ብሎ ነበር የሰየማት። በኋላ ጂነሷ ሲቀየር የዝርያ ስሟ አልተነካም። ከስሟ ቀጥሎ የሊኒየስ ስም በቅንፍ የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

ፎቶ ስትልክ ወገቧና እግሯ እንዲታይ ከጎን አንሳት። ከላይ ብቻ ከሆነ ለመለየት ያስቸግራል።