«የለም» ከማለታችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሠራውን ካርታ ይዞልኝ መጣ። የባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች የት የት እንዳሉ የሚያሳይ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ልፋቱም ያስታውቃል። ነጥቦቹን ሳይ ግን ሳቄ መጣ። ከጎባ ተነስተው የሳነቴን አምባ ያቋርጡና ወደ ደሎ መና ይወርዳሉ። «ይሄ እኮ የመኪና መንገዱ ነው» አልኩት። ደነገጠ። እኔም በእሱ ዕድሜ የሠራሁት ይህንኑ ነበር።

መንገድ ያለበት ቦታ ነጥብ ይበዛል። መኪና የማይገባበት ባዶ ይሆናል። ባዶውን ያየ ሰው ደግሞ «እዚያ እንስሳ የለም» ይላል። ሰው አልሄደበትም እንጂ!

የራሴን ጉድ ላውራ። ከሐረና ጫካ በላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት አካባቢ አንዲት ምንጭ ነበረች። ጥር ወር ነው፣ ቀትር ላይ ደረስኩ። ሰላሳ ደቂቃ ያህል ድንጋይ ገለበጥኩ፣ ራበኝ፣ ማስታወሻዬ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ። ቃሏ ሪፖርት ውስጥ ገባች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከሪፖርት የወጣውማ ይብሳል። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ እዚያው አካባቢ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ቤት አደርን። «ልጄ፣ ራቻ ፍለጋ በፀሐይ ይመጣል እንዴ? ማታ፣ ዝናቡ ሲያባራ ውጣ» አሉኝ። ራቻ በኦሮምኛ እንቁራሪት ነው። ወጣሁ። በባትሪ ብርሃን፣ ያችው ምንጭ ዳር፣ ድንጋዩን በሸፈነው እርጥብ አረንጓዴ ሽበት ላይ ሁለት እንቁራሪቶች ቁጭ ብለዋል። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ «የለም» የምትለዋን ቃል ማስታወሻዬ ላይ ጽፌያት አላውቅም። የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «2 ሰው፣ 40 ደቂቃ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ደረቅ፣ አልተገኘም»። ይህ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው እንስሳው ጠፍቶ ይሁን እናንተ ቸኩላችሁ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ያገኛችሁበትን ቀን ሁሉ ትጽፋላችሁ፣ እሱን እኔ መንገር አያስፈልገኝም። ያላገኛችሁበትን ቀን ጻፉልኝ።

ብርድ አገር ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ያሳስታል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ በበጋ ሌሊት ውሃው በረዶ ይሠራል። እዚያ የማልኮም ጉርጥ የምትባል አለች፣ ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የአውራ ጣቴን አንድ አንጓ ብታክል ነው። አንድ ጠዋት ውርጭ ከያዘው ሣር ሥር ድንጋይ አንስቼ አገኘኋት። ጠጠር መስላለች። ነካኋት፣ ንቅንቅ የለም። ፀሐይ ወጥቶ ድንጋዩን ሲያሞቀው አንድ እግሯን ሳበች፣ ቆየት ብላ ሌላውን። ቀጥሎ ሄደች! ሌላው ደግሞ፣ እንቁላሏን እንደ ሌሎቹ ኩሬ ውስጥ አትጥልም። እርጥብ ሣርና ሽበት መሃል ነው የምታኖረው። ኩሬ ኩሬውን ብቻ የሚዞር ሰው አጠገቧ አልፎ ይሄዳል።

የአላስካዋ የጫካ እንቁራሪት ከዚህም ትብሳለች። የዚያን አገር የብርድ ወራት ሙሉ ከነልቧ ቀጥ ብላ፣ በረዶ ሆና ትከርምና ሲሞቅ ተነስታ ትሄዳለች። እዚያ በእነዚያ ወራት የሚፈልግ ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ገምቱ።

ቀይ ቀበሮ ዕድለኛ ነው። በዓለም የቀረው 500 ገደማ ቢሆንም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ስላለና በቀን ፍልፈል ሲያድን ስለሚታይ ሁሉም ካሜራውን ይዞ ይሮጥለታል። ካርታውም ጥሩ ነው። ከሐረና ሌላ የትም ያልተገኘች እንቁራሪት ግን አለች፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው የተመዘገበችው። ያቺ አንድ ጥግ ብትመነጠር ወይም ከብት ቢረጋግጣት መሄጃ የላትም። ለእሷ የሚሮጥ ስንት ነው? ቱሪስት እንኳ «ቀበሮው የት ነው?» እንጂ «እንቁራሪቷስ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ጂፒኤስ። የድሮው 1:50,000 የወረቀት ካርታችን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው፤ መነሻ ማለት የቦታ ቁጥሮች ሁሉ የሚለኩበት መሠረት ነው። ጂፒኤሳችሁ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ሳታስማሙ ነጥብ ብትጥሉ 200 ሜትር ገደማ ትስታላችሁ። ሜዳ ላይ ምንም አይደል። ተራራ ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ከምንጭ ወጥቶ ደረቅ ጀርባ ላይ መውጣት ነው። አንድ ጊዜ የጅረት እንቁራሪቶቼ ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። አንድ ሙሉ ሳምንት ስለ እንስሳቱ አዲስ ጠባይ ስፈላሰፍ ቆየሁ። ስህተቱን ያገኘው ሾፌራችን ነው። «ጋሼ፣ እዚያማ አልወጣንም እኮ» አለኝ።

ቦት ጫማችሁን ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው ስትሻገሩ እጠቡና አድርቁ። ቺትሪድ የሚባለው ፈንገስ በእርጥብ ጫማ ይጓዛል፣ እንቁራሪትንም በቆዳዋ በኩል ይገድላል። የምናጠናውን ራሳችን እንዳንጨርሰው። በደረቅ እጅም አትያዟቸው፣ በዚያው በጅረቱ ውሃ አርጥቡት።

ሳነቴ ስታድሩ የባትሪ ድንጋዮቻችሁን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ተኙ፣ ብርዱ ቶሎ ይጨርሳቸዋል። እርሳስ መያዝም አትርሱ። ስክሪብቶ እዚያ ጠዋት ጠዋት አይጽፍም።