«ለማን ጠራችው» ስንት ትርጉም አለው?

ጥያቄ፦ አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ለማ ይባላል። ረቂቁን ያነበበችው ጓደኛዬ «ለማን ጠራችው» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆም አለችና «ለማን ነው የጠራችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን ልቀይር ወይስ ዓረፍተ ነገሩን?

መልስ፦ ጓደኛዎ አልተሳሳተችም። «ለማ» ተሳቢ ሲሆን «ን» ይጨመርበታል። ያኔ ስሙና መጠይቁ በጽሑፍ አንድ ይሆናሉ። ጮክ ብለው ቢያነቡላት ኖሮ ግር አይላትም ነበር። በስሙ ውስጥ «ማ» ይጠብቃል፣ በመጠይቁ ይላላል። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የስምን መነሻ የሚለይ ትልቅ ፊደልም የለንም።

አንዳንዱን ስም ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብም አያድነውም። ብዙዎቹ የአማርኛ ስሞች ራሳቸው ዓረፍተ ነገር ናቸውና። አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ ሙሉ ግሶች ናቸው። ዓለማየሁ ውስጥ «ዓለም አየሁ» የሚል ሰው አለ። ማንደፍሮ ጥያቄ ነው፤ «ማንደፍሮ ገባ» እና «ማን ደፍሮ ገባ?» በጽሑፍ የሚለያዩት በክፍት ቦታና በጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። «ትእዛዙ የመጣው ከበላይ ነው» ቢሉስ? ያዘዘው በላይ የሚባል ሰው ነው ወይስ አለቆቹ? «ሐዘኑ ተሰማን» ብሎ የጀመረ አንባቢ እኛ ያዘንን ይመስለዋል። «ለወጠው» የሚለው ላይ ሲደርስ ነው ተሰማ የሚባል ሰው እንዳለ የሚገባው። ከዚያ ተመልሶ ያነባል። እዚያ ጋ አንባቢው ከታሪኩ ይወጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ስለዚህ ስም ሲመርጡ ለብቻው አይዩት። «ን» ይጨምሩበት፣ «ከ» እና «ለ» ያስቀድሙለት፣ ግስ አጠገብ ያስቀምጡት። ለዋና ገጸ ባሕርይ ይህ በጣም ያስፈልጋል። ታሪኩ እስኪያልቅ ሲጠሩት፣ ሲወዱት፣ ሲከዱት ይኖራላ!

የእርስዎን ለማ ግን እኔ አልቀይረውም። አጭርና ጥሩ ስም ነው፤ የሚያስቸግረውም ተሳቢ ሲሆን ነው። «ጠራችው። ለማ ዞር አለ።» ቢሉ አለቀ። ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያለ ከሆነ «አቶ ለማን ጠራቻቸው» ይበሉ። ማዕረጉ ስምነቱን ያሳያል፣ ግሱም በአክብሮት ተለውጦ ያግዘዋል። ወጣት ከሆነ ግን አቶ አይለጥፉበት፣ ያስረጀዋል። ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ማጠርንም አልወደውም። ገጹ ይጨናነቃል፣ ሰውየውም የውሸት ስም ያለው ይመስላል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ታደሰን፣ ተፈራንና ታፈሰን አንድ ታሪክ ውስጥ አያስገቧቸው። ዓይን የቃሉን መጀመሪያ ይዞ ስለሚሮጥ አንዱ በሌላው ይተካል።

የተምታታው ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። ደስታ የወንድም የሴትም ስም ነው። «ደስታ ከቤቱ ወጣች» ካሉ ግሱ ሰው መሆኗን ይናገራል። «ደስታ ከቤቱ ወጣ» ሲሉ ግን ልጁም ወጣ፣ ደስታውም አብሮ ወጣ። ሁለቱንም ማለት ከፈለጉ ገጸ ባሕርዩን ወንድ አድርገው ደስታ ይበሉት።