ወለዱ አንድ፣ ቤቱ የየአገሩ

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ለመያዣ የሚቀርብ ቤት ስለካና የተበዳሪ ገቢ ስመረምር ነው ያረጀሁት። ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ የብድር ባለሙያ «ጋሼ፣ ከጎረቤት አገሮች ጋር በአንድ ገንዘብ ብንጠቀም የቤት ብድር ይረክስ ነበር?» አለችኝ። ሊረክስ ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

በአያቶቻችን ዘመን እዚሁ ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ የሚቆጠረው የማርያ ትሬዛ ብር ቀይ ባሕር ማዶም ይሠራ ነበር። ለቡና ነጋዴ መልካም ነው፤ ቡና ተጭኖ ይሄዳል። ቤት ግን አይጫንም።

በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. 11 የአውሮፓ አገሮች ዩሮን ሲጀምሩ፣ የመነሻ ወለዱን ለሁሉም የሚወስነው ፍራንክፈርት ያለው ማዕከላዊ ባንክ ሆነ። ያኔ ተቀዛቅዛ ለነበረችው ጀርመን ዝቅተኛ ወለድ ይስማማታል። በአየርላንድና በስፔን ግን ሥራውም ዋጋውም ግሎ ነበር፤ የራሳቸው ገንዘብ ቢኖራቸው ወለድ ጨምረው ባበረዱት። የምንዛሪ ስጋት ስለጠፋም የውጭ ባንኮች ገንዘብ ወደ ባንኮቻቸው ጎረፈ። ከዋጋ ንረቱ ያነሰ ወለድ እያየ ማን ቤት ሳይገዛ ይቀራል? በ2008 የቤት ገበያው ሲናድ፣ ገንዘቡ የጋራ ስለሆነ ምንዛሪውን ዝቅ አድርገው ማገገም አልቻሉም። አየርላንድ በ2010 በ85 ቢሊዮን ዩሮ የነፍስ አድን ስምምነት ውስጥ ገባች።

የሚገርመው፣ ገንዘቡ አንድ ሆኖም የቤት ብድሩ ገበያ አንድ አልሆነም። ጀርመናዊ ብዙውን ጊዜ ወለዱን ለ10 ዓመት ያህል ቆርጦ ይዋዋላል። ስፔናዊ ግን ለብዙ ዓመታት ሲበደር የኖረው ዩሪቦር ከሚባለው የባንኮች ወለድ ጋር በሚወጣና በሚወርድ ውል ነው። በ2022 እና በ2023 ማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲጨምር የስፔናዊው ወርሃዊ ክፍያ አሻቀበ፤ ቀድሞ የተዋዋለው ጀርመናዊ ነገሩን በዜና ሰማ። የንብረት ምዝገባው፣ ግብሩ፣ መያዣ የሚሸጥበት ሕግ የየአገሩ ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ባንክ ስፔን ሴቪያ ያለ ቤት ወሰኑ የት እንደሆነ ማንን ይጠይቃል? እኔ እንኳን እዚሁ ከተማዬ ውስጥ፣ ካርታው ላይ ያለ ጓሮ መሬቱ ላይ ጠፍቶብኝ ከጎረቤት ጋር ግማሽ ቀን ተከራክሬያለሁ።

እናም ፋይል ስትከፍቱ ከወለዱ መጠን በፊት ወለዱ በውሉ ዘመን ይለወጥ እንደሆነ፣ የተበዳሪው ደመወዝም በምን ገንዘብ እንደሚከፈል እዩ። ዩሮ ያልገባችው የሃንጋሪ ሰዎች በአገራቸው ገንዘብ በፎሪንት እየተከፈላቸው በስዊስ ፍራንክ ተበደሩ። ከ2008 በኋላ ፎሪንት ሲወድቅ፣ በየወሩ ሲከፍሉ የቆዩት ዕዳ አብጦ ጠበቃቸው።

ልጅቷ «ታዲያ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። ለቤት ብድር ከሆነ የራስን ገንዘብ እመርጣለሁ አልኳት። ፊቷን ሳየው አልተስማማችም። ሜትሬን ተቀብላኝ ቆጪ ያለውን ቤት ልትለካ ሄደች።