ከባንክ አክሲዮን ወር ወር ይበላል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ አክሲዮን የትርፍ ድርሻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የባንክ አክሲዮን ብገዛ በወር ስንት ይከፈለኛል?

በወር የሚባል የለም ወንድሜ። የባንኮቻችን በጀት ዓመት በሰኔ ወር ይዘጋል። ሂሳቡ ተመርምሮ ጠቅላላ ጉባኤው እስኪያጸድቀው ብዙ ጊዜ ኅዳር አካባቢ ይደርሳል። ድርሻህ የሚገባልህ ከዚያ ወዲያ፣ በዓመት አንዴ ነው። የቤት ኪራይህን በእሱ እከፍላለሁ ብለህ አትነሳ።

ጥያቄ፦ «ባንካችን 20 በመቶ ከፈለ» ሲባል ትርፌ 20 በመቶ ነው ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መቶኛው የሚታሰበው አክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው እንጂ አንተ ባወጣኸው ብር አይደለም። ለምሳሌ የተጻፈው 1,000 ብር ቢሆን 20 በመቶው 200 ብር ነው። አንተ ግን ከሌላ ሰው በ1,600 ገዝተኸው ከሆነ ያገኘኸው 12.5 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት በዓመት 120,000 ብር ለማግኘት 960,000 ብር ማሰር አለብህ፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። ግብሩን ባንኩ ራሱ ቀንሶ ነው የሚሰጥህ። እንግዲህ ይህን ከኑሮ ውድነቱ ጋር አስተያየው። ሻጩ መቶኛ ሲጠራልህ «ከየትኛው ዋጋ?» በለው።

ጥያቄ፦ ባንኩ ቢሊዮን አተረፍኩ ይላል፤ እኔ ጋ የደረሰው ግን ትንሽ ነው። ለምን?

ከተጣራው ትርፍ 25 በመቶው በሕግ ለመጠባበቂያ ይያዛል፤ መጠባበቂያው ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2013 አንድ ባንክ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጠ። ስለዚህ ብዙ ባንኮች ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ ባለአክሲዮኑን ይገፉ ነበር። ለነገ ሀብት ለሚያጠራቅም ይህ ክፉ አይደለም። በድርሻው ለሚኖር ሰው ግን ያው ባዶ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ባለፈው የካቲት ገዝቼ ድርሻዬ ከጓደኛዬ በጣም አነሰ።

የሚታሰብልሽ ብሩን ከከፈልሽበት ቀን ጀምሮ ነው እህቴ። የፈረምሽው ግን ያልከፈልሽበት አክሲዮንም ድርሻ አያመጣም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ያለችኝን ገንዘብ ሁሉ አክሲዮን ላይ ላውላት?

አይሆንም አባቴ። ትርፍ ከሌለ ድርሻም የለም፤ ማንም ዋስ አይሆንዎትም። ለመድኃኒትና ለቀለብ የሚሆነውን ባንክ ያስቀምጡ፤ ከተረፈ ብቻ ይግዙ፣ እሱም አንድ ባንክ ላይ ባይሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ብር ቢቸግረኝ ወዲያው መሸጥ እችላለሁ?

ለረጅም ጊዜ ገዢ የሚገኘው በሰው በሰው ወይም በደላላ ነበር። ጥር 2017 አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ገና ልጅ ነው። ዛሬ ልሽጥ ብለህ ዛሬ ገዢ ላታገኝ ትችላለህ። ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚሆን ብር እዚያ አታስገባ።