የካርቡሬተር ጥያቄና መልስ፦ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ) ለሚንቀጠቀጥ፣ ዳገት ላይ ለሚለግም መኪና

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን) ቀይራችሁ፣ ፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ከፍታችሁ ወይም ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ መቀነሻ) ለውጣችሁ መኪናው እምቢ ያላችሁ ሁሉ ጠይቁ። የምችለውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን)፣ ፑንቲና (ብልጭታውን በሰዓቱ የሚያስነሳውን መገናኛ) እና የቫልቭ ክፍተት ሳትፈትሹ ካርቡሬተር አትንኩ። የመኪናውን ዓይነት፣ ምን እንደተቀየረና የት የት እንደምትነዱ ንገሩኝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ 4ኬ ሞተር። የራሱን ካርቡሬተር አውጥተን ዌበር 32/36 ገጠምንለት። ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል። የድብልቅ ቪቴዋን (የቤንዚኑን ልክ የምታስተካክለውን ብሎን) ባዞራትም ምንም ለውጥ የለም። ዳገት ላይ ደግሞ ጥቁር እያጨሰ ይለግማል። ካንዴላና ፑንቲና አዲስ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሁለት ችግር ነው ያለብህ፣ አትቀላቅላቸው።

መጀመሪያ ሚኒሞው። ቪቴዋ ስትዞር ሞተሩ ካልተሰማው፣ ወይ የሚኒሞ ጅግለር (ቤንዚን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ተደፍኗል፣ ወይ ፋርፋላው (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የካርቡሬተር መዝጊያ) ከልክ በላይ ተከፍቷል፣ ወይ ከሥር አየር ይስባል። ጅግለሩን ፍታና በአየር ንፋው። በሽቦ አትጎርጉረው፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ቀጥሎ የፍጥነት ቪቴዋን እይ። የፋርፋላውን ማንሻ ከነካች በኋላ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ መግባት የለባትም። ሞተሩ እንዳይጠፋ ተብሎ ከዚያ በላይ ከተጠበቀች ፋርፋላው የመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹን ይገልጣል። ቤንዚኑ በእነሱ በኩል ይገባል፣ የድብልቅ ቪቴዋ ሥራ ትፈታለች።

አየር መሳቡን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ በመርፌ የሳሙና ውሃ ውሰድና በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መካከል ባለው ማስማሚያ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርግ። የሞተሩ ድምፅ የተለወጠበት ቦታ ላይ ጓርኒሲዮኑ (በመካከል ያለው ማሸጊያ) አልያዘም ማለት ነው። ዌበር 4ኬ ላይ ሲገጠም በብዛት የሚያስቸግረው ይሄ ቦታ ነው። ብሎኑን ከልክ በላይ ሲያጠብቁት ማስማሚያው ይጎብጣል። ቤንዚን እየረጩ የሚፈትሹ አሉ። ሞተር የጋለበት ቦታ ላይ ቤንዚን አይረጭም!

ይህ ሁሉ ሲያልቅ የድብልቅ ቪቴዋን ቀስ ብለህ እስክትነካ ዝጋና ሁለት ዙር መልሳት። ከዚያ ሞተሩ በጣም የሚለሰልስበትን ቦታ ፈልግ። ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ከጠየቀችህ የሚኒሞ ጅግለሩ አንሷል። ከአንድ ዙር ተኩል በታች ከሆነ በዝቷል።

አሁን ጥቁሩ ጭስ። ያ ካርቡሬተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጅግለሩ የተመጠነው ለባሕር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ዋናው ጅግለር ላይ 140 የሚል ከተጻፈ ቀዳዳው 1.40 ሚሊሜትር ነው። ወደ 135 አውርደው፣ ሞክር፣ ካስፈለገ 130። አንድ በአንድ ብቻ። ዳገት ላይ ነዳጅ ረግጠህ ከነዳህ በኋላ መኪናውን ጥግ አስይዘህ ወዲያው አጥፋና ካንዴላ አውጣ። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ተወው። ነጭ ከሆነ አሳንሰሃል፣ ቫልቭ ታቃጥላለህ። ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አፋር ቆላ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ እስከ መጨረሻው አታሳንሰው። እዚህ የተስተካከለው እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል።

ሌላም አለ። ጅግለሩ ቢስተካከልም ሞተሩ እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህን ካርቡሬተር አይመልስልህም።

ከሸዋ ሮቢት፦ ላዳዬን ደብረ ብርሃን ወስጄ በቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሚለካው) ተለካ። ሚኒሞ ላይ 10 ኢንች አሳየ። መካኒኩ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ አለኝ። እዚህ ስለካው 15 ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም እመን፣ ሞተሩን ግን አታስወርድ! በመጽሐፍ የተጻፈው ከ18 እስከ 21 ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ናት፣ ስለዚህ ከ14 እስከ 17 ጤነኛ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከ9 እስከ 12። በዚህ ቁጥር ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር ሲፈታ ያሳዝነኛል። ቁጥሩን ሳይሆን መርፌዋን ተመልከት። ቀጥ ብላ ከቆመች ደህና ነው። በየተወሰነ ጊዜ ዝቅ ካለች አንድ ቫልቭ አይዘጋም። የፋሻ ጥርጣሬ ካለህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይለካ።

ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ፦ መኪናዬ ጉልበት አነሰው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን መኪና? ምን ተቀየረ? በዚህ ጥያቄ ማንም ሊረዳህ አይችልም።

ከደብረ ሲና፦ ቮልስ አለኝ፣ ካርቡሬተሩ ሁለት ነው። አንዱ ጎን ይሞቃል፣ ሌላው ጎን ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱ እኩል አይከፈቱም። የማገናኛ ዘንጎቹን ፍቺና እያንዳንዱን ለብቻው አስተካክዪ። ቀጭን ጎማ ቱቦ ጆሮሽ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ አየር መግቢያው ላይ አድርገሽ አዳምጪ። የሁለቱ ፉጨት እኩል ሲሆን ዘንጎቹን መልሺ። ቫልቩ ሲቀዘቅዝ 0.15፣ ፑንቲናው 0.4 ሚሊሜትር መሆኑን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ከአንኮበር፦ ጠዋት ጣርማ በር ጉም ውስጥ ስገባ መኪናዬ መንቀጥቀጥ ይጀምርና ይጠፋል። አሥር ደቂቃ ቆሜ ሳስነሳው ምንም እንዳልሆነ ይሄዳል። መካኒክ ዘንድ ስደርስ ችግሩ የለም። ፊልትሮውን ክፍት አድርጌዋለሁ።

መልስ፦ በረዶ ነው። ቤንዚን ሲተን የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ፣ ውጭው ከዜሮ በላይ ቢሆንም እንኳ ውስጡ በረዶ ይሠራል። ስትቆም የሞተሩ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ ጋራዥ ስትደርስ ምልክት አይገኝም። የድሮው የፊልትሮ ቤት ከጭስ ማውጫው ዙሪያ ሞቃት አየር የሚስብ ቱቦ ነበረው። ክፍት ፊልትሮ ስትገጥም እሱን ጣልከው። የድሮውን ቤት ከነቱቦው መልስ። ለእንዲህ ዓይነት ብርድ ነው የተሠራው።

ከጫጫ፦ እኔ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቼ ነው የተገላገልኩት። ሞተር አይግልም።

ከሸኖ፦ ተሳስተሃል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እዚህ ብርድ ውስጥ መቼም አይሞቅም። ቤንዚን ይበላል።

ከጫጫ፦ አምስት ዓመት ነዳሁት እኮ!

ከአንኮበር፦ ለምን ኤሌክትሪክ አትገዙም? በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሏል።

ከሸኖ፦ ለዚህ ነዋ ያለንን መጠበቅ ያለብን!

መልስ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ሌላ ቀን። ቴርሞስታቱ ላይ የሸኖው ልክ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ አይተንም፣ ሚኒሞው ይሻክራል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። የሚግል ከሆነ ራዲያተርህን አጽዳ።

ከደብረ ብርሃን፣ ሌላ ጠያቂ፦ እኔም ዌበር ገጥሜ ቪቴዋ አትሠራም።

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። አንብበው።

ከሸኖ፦ ሞተር የተቀየረለት መኪና ቦሎ ላይ ችግር ይገጥመዋል?

መልስ፦ የመንገድ ትራንስፖርት ጉዳይ ነው፣ እነሱን ጠይቅ።

ከጫጫ፦ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ገጥሜ ዌበሩ ከላይ ቤንዚን ያፈሳል።

መልስ፦ መኪናውን አሁኑኑ አቁም። እሳት ነው! ዌበር ከ3.5 ፒኤስአይ በላይ ግፊት አይችልም። ለኢንጀክሽን የተሠራ ፓምፕ ከሆነ ጭራሽ አይሆንም፣ የራሱን ሜካኒካል ፓምፕ መልስ። ለካርቡሬተር የተሠራ ከሆነ ግን ግፊት መቀነሻ አስገባ።

ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ላዳ 2101 ነው። የተቀየረው ማርሚታ ብቻ ነው። ጠዋት ደህና ነው፣ ሲሞቅ ግን ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት አይወጣም። ካንዴላ አዲስ ነው።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ሲሞቅ የሚብስ ከሆነ ቫልቩ ጠብቋል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲግል በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ይደር። ጠዋት ሳታስነሳው የስምንቱንም ቫልቮች ክፍተት በ0.15 ሚሊሜትር ለካ። ካርቡሬተሩን አትንካው። ስንቱ እንደጠበቀ ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንቀጥላለን።